በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ብዙ ቤተ ሰብ ስለሚጠቀምበት አሮጌ ግቢ



በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመረምረው በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ ሽንት ቤት እየተጠቀሙ፣ በአንድ ቦይ እየደፉ ሲኖሩ ጤንነታቸውን በምን ዐይነት ሊጠብቁ እንደሚችሉ ነው። የራሱ ቧንቧና የራሱ ሽንት ቤት ያለው ሰው ንጽሕናውን ለመጠበቅ ከቤተ ሰቡ ጋር ብቻ መስማማት ይበቃዋል። በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ግን እርሱ ራሱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የልጁ ጤና በጎረቤቱ እጅ፣ የጎረቤቱም ልጅ ጤና በእርሱ እጅ ነው። ስለዚህ የዚህ ዐይነቱ ንጽሕና እኩሌታው የውኃና የሳሙና ጉዳይ ሲሆን እኩሌታው የጉርብትና ጉዳይ ነው፤ እኛም ሁለቱን ሳንለያይ እንጽፋለን።

ለምሳሌ የመረጥነው በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ቆሼን ነው። ስሙ ‹ቆሻሻ› ከሚለው ቃል የወጣ መሆኑን ለማስረዳት መድከም አያሻም። ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲጣልበት የኖረው ሜዳ ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች በመቅበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከጥራጊ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። ይህን ሁሉ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ተናግሮታል። በጋራ ግቢ ውስጥ ግን ዜና የማይሆን፣ ነገር ግን ሰውን በየዕለቱ የሚያሳምም ሌላ ቆሻሻ አለ፤ እርሱም በቧንቧው ሥር የተኛው ጭቃና ከሞላ በኋላ ሳይመጠጥ የቆየው ጉድጓድ ነው።

ግቢው እንዴት እንደ ጠበበ

በአዲስ አበባ ያሉት አሮጌ ግቢዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲሠሩ ለአንድ ባለቤትና ለጥቂት ተከራዮች ታስበው የተሠሩ ነበሩ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። ኪራዩ እጅግ ዝቅ ስላለ ድኻው ተከራይ ትልቅ እፎይታ አገኘ። ዳሩ ግን ያ ዝቅተኛ ኪራይ ጣራ ለመቀየርና ጉድጓድ ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አላስገኘም። ከዚያም ልጆች አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ከወላጆቻቸው ክፍል ጎን በቆርቆሮም በጭቃም ተቀጥላ ክፍል ተሠራ፤ በግቢው ውስጥ ዘመድ ከገጠር መጥቶ ተጠጋ። ለ10 ሰው የተቆፈረው ሽንት ቤት 30 ሰው ይጠቀምበት ጀመር። ቀበሌ የሚባለው አስተዳደር በወረዳ ከተተካ ብዙ ጊዜው ቢሆንም ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ‹ቀበሌ ቤት› እያለ ይጠራዋል፤ የሽንት ቤቱ በር ሲገነጠልም ‹የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይሥራው› ይላል። እኛ በዚህ አነጋገር አንፈርድም። ባለቤቱ ለተጠቃሚው፣ ተጠቃሚው ለባለቤቱ ሲተው የኖረ ነገር መሆኑን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የሚነገረው ችግር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለ ቧንቧው

ብዙ ሰዎች ከቧንቧ የሚወርድ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ይመስላቸዋል። ከማጣሪያው ጣቢያ ሲወጣ በክሎሪን የታከመ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከጣቢያው እስከ ግቢው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በግቢው ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧም አብዛኛውን ጊዜ ያረጀና የዛገ ነው። በቧንቧው ውስጥ ውኃ በግፊት ሞልቶ ሳለ በጎኑ ቀዳዳ ቢኖር ውኃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋል። እንዲያውም በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲወርድ ከኋላው የመምጠጥ ኃይል ይፈጥራል። በዚያን ጊዜ ቀዳዳው ባለበት ቦታ ያለው እርጥብ ጭቃ፣ የልብስ ማጠቢያ እጣቢ ወይም ከሽንት ቤቱ የሰረገው ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይሳባል። ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ይህንኑ እየገፋ ወደ ጄሪካኑ ያመጣዋል። ‹ውኃ መጣ!› ተብሎ ሰው ሁሉ ባዶ ዕቃውን ይዞ ሲሮጥ፣ ተሽቀዳድሞ የደረሰው ሰው የሚቀዳው ከሁሉ የቆሸሸውን ውኃ ነው።

ስለዚህ ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ለወለልና ለሽንት ቤት ማጠቢያ ተለይቶ መቀዳት አለበት፤ መልኩ ጠርቶ ጥቂት ደቂቃ ከወረደ በኋላ የሚመጣው ለመጠጥና ለምግብ ይቀመጣል። እንዲሁም በቧንቧው ራስ ላይ የተሰካ የላስቲክ ጎማ ጫፉ በርሜል ውስጥ እንደ ተነከረ ከቶ መተው አይገባም። ውኃው በተቋረጠ ጊዜ የበርሜሉን ውኃ መልሶ ወደ ቧንቧው የሚስበው ይኸው ጎማ ነውና። ያንጊዜ የአንዱ በርሜል እድፍ የግቢው ሁሉ መጠጥ ይሆናል።

ቀዳዳውን በፌስታል ወይም በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር በየግቢው የሚታይ ነው። እንዲህ ያለው ማሰሪያ የሚፈሰውን ውኃ ጥቂት ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚገባውን ግን አይከለክልም። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ የተበላሸውን ክፍል ማስቀየር ለአንድ ቤተ ሰብ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ለስምንት ቤተ ሰብ ሲከፋፈል ግን የሚያስፈራ አይደለም። ከቆጣሪው በፊት ያለው ቧንቧ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ስለሆነ ብልሽቱን ለቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ እንጂ በራስ እጅ መነካካት አይገባም።

በቧንቧው ራስ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሲያልቅ ውኃው ይንጠባጠባል። ይህን ማንም እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እስቲ እናስላው። በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በአንድ ቀንና ሌሊት 86,400 ጠብታ ይጥላል። አራት ሺሁ ጠብታ አንድ ሊትር ይሞላል ብንል ከ21 ሊትር በላይ ይሆናል፤ ይህም ሴቶች በወረፋ ቆመው ከሚሞሉት ቢጫ ጄሪካን አንዱ ሙሉ ማለት ነው። የላስቲኩ ዋጋ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለ ሒሳቡ

ከጭቃውም ከሽታውም ይልቅ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው የውኃው ሒሳብ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ምክንያቱም በሒሳብ የተጣላ ግቢ ሽንት ቤቱን አብሮ ሊያጸዳ አይችልም።

የአዲስ አበባ የውኃ ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ መጠን የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚልበት ነው። ዓላማው ብዙ የሚያባክነው ብዙ እንዲከፍል ነበር። ዳሩ ግን ስምንት ድኻ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ እንደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይቆጠርና ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ በጋራ ግቢ የሚባክን ውኃ በውድ ዋጋ የሚባክን ነው።

ቆጣሪውን ማንበብ የሚችል ሰው በግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ መሆን አለበት። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብን ያመለክታሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ይኸውም 50 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ቀዮቹ ቁጥሮች ወይም ቀያዮቹ ትንንሽ መርፌዎች ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ይናገራሉ። ውኃ ባለበት ሌሊት ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ ከመተኛቱ በፊት ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ፣ ማለዳም ማንም ሳይቀዳ እንደገና ማየት ነው። ቁጥሩ ተንቀሳቅሶ ከተገኘ ሌባው ከመሬት በታች ያለው ቀዳዳ ነው። ‹እገሌ ሌሊት ተደብቆ ይቀዳል› እየተባለ ስንት ጎረቤት በከንቱ ተወቃቅሷል!

ሒሳቡ ሲከፋፈል ብዙ ግቢ በየቤቱ እኩል ያወጣል። ይህ ቀላል ይሁን እንጂ ፍትሕ ያለበት አይደለም። አንድ ግቢ ስምንት ቤትና 30 ነዋሪ ቢኖረው፣ የወሩም ሒሳብ 600 ብር ቢመጣ፣ በየቤቱ እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ ቤት 75 ብር ይደርሳል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት 75 ብር፣ ሰባት ሰው ያለበትም ቤት 75 ብር ይከፍላል ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ ቢሆን ግን ለአንድ ሰው 20 ብር ስለሆነ አሮጊቷ 20 ብር፣ ባለ ሰባቱ ቤት 140 ብር ይከፍላል። እኛ የምንመክረው በነፍስ ወከፍ እንዲሆን ነው። እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ፣ ጠላ የሚጠምቅ ወይም የሰው ልብስ የሚያጥብ ቤተ ሰብ በስምምነት አንድ ወይም ሁለት ሰው ተጨምሮ ይቆጠርበት። ለተንቀሳቃሽ እንግዳና ለጡት ሕፃን መከራከር ግን ትርፉ ድካም ነው። የወሩ ደረሰኝና የየቤቱ ድርሻ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ሁሉም በሚያየው ስፍራ ይለጠፍ፤ ገንዘብ ሰብሳቢነቱም በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በተራ ይዙር። ቁልፉም፣ ደረሰኙም፣ ገንዘቡም ለዓመታት በአንድ ሰው እጅ የቆየ እንደ ሆነ ያ ሰው ቅን ቢሆንም እንኳ መታማቱ አይቀርም።

ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ስለ ነበረ ውኃ

በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በብሮድ ስትሪት ዙሪያ በድንገት ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ሐኪሞቹ በሽታው በመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ቆጥሮ አብዛኞቹ ከአንድ የጋራ የውኃ ጉድጓድ ይቀዱ እንደ ነበር ገለጸ፤ የጉድጓዱም የፓምፕ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። ቆይቶ በተደረገው ምርመራ የተገኘው ለእኛ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ከጉድጓዱ አንድ ሜትር እንኳ በማይርቅ ስፍራ የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ነበረ፤ ግንቡም አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ነበር። በዚያ ቤት አንዲት ሕፃን በተቅማጥ ታማ እናቷ ጨርቋን ያጠበችበትን ውኃ ወደዚያ ትደፋ ነበር። እናቲቱ ማንንም ለመጉዳት አላሰበችም፤ እጣቢዋ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀችም እንጂ።

የቆሼም ሆነ የሌላው ሰፈር ጠባብ ግቢ ከዚህ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ቧንቧውና ሽንት ቤቱ ጎን ለጎን ከሆኑ የሕፃን ጨርቅ በቧንቧው ሥር ከቶ መታጠብ የለበትም። ዐይነ ምድሩ መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤት ተራግፎ፣ ጨርቁ በሳፋ ታጥቦ፣ እጣቢው እዚያው ሽንት ቤት ይደፋ። ‹የሕፃን ሰገራ አይጎዳም› የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው፤ የታመመ ሕፃን ሰገራ እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ ያው በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ይኖሩበታል። ከቆሻሻው ክምር ላይ ዕቃ ለቅሞ በማደር የሚተዳደር ሰው ያለበት ቤትም የሥራ ልብሱንና ጫማውን ለብቻ በሳፋ ቢያጥብ፣ የለቀመውንም ዕቃ ከቧንቧው ርቆ ቢያራግፍ መልካም ነው። ይህን ስንል ያን ሥራ መናቃችን አይደለም፤ ከተማው የጣለውን ለይቶ መልሶ ለጥቅም የሚያውለው እርሱ ነውና።

የቧንቧው ሥር ጭቃ እንዳይሆን በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ንጣፍ ተሠርቶ እጣቢው በቦይ እንዲሄድ ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ስለ ሽንት ቤቱ

የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በጋራ በሚያወጡት ምደባ ሽንት ቤት በአሠራሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለትና ከዚያ በላይ ቤተ ሰቦች የሚጋሩት ከሆነ ‹ውስን› ተብሎ ይመዘገባል። ምክንያቱ የጋራ የሆነ ነገር ጠራጊ አጥቶ መቅረቱ በየአገሩ ስለ ታየ ነው። ይህ ማለት ግን የጋራ ሽንት ቤት ንጹሕ ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም። ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ለየቤቱ አንዳንድ ቁልፍ ሲሰጥና የጽዳቱ ተራ በስም ሲታወቅ ሁኔታው ይለወጣል። ተራው በቀን ይሁን ወይስ በሳምንት ቢባል፣ በእኛ አስተያየት በሳምንት የተያዘ እንደ ሆነ ቆሻሻው እስኪከማች ስለሚጠበቅ በቀን መሆኑ ይሻላል። ያረጁና የታመሙ ከተራው ነጻ ይሁኑ።

በበሩ አጠገብ እጅ መታጠቢያ መኖር አለበት። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ በገመድ ተዘቅዝቆ ቢንጠለጠልና ሳሙና በመረብ ከረጢት ቢታሰርለት ይበቃል። ሳሙናው ይሰረቃል የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። ይሰረቅ ይሆናል፤ ከሳሙናው ይልቅ የአንድ ቀን ሕክምና ይወደዳል።

ሽንት ቤቱን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋናው ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐርና የወር አበባ መጠበቂያ ወደ ጉድጓዱ መጣሉ ነው። እነዚህ አይበሰብሱም፤ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞሉታል፤ የመምጠጫውንም መኪና ጎማ ይዘጋሉ። የመኪናው ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ግማሹን ብቻ መጥጠው ሙሉ ዋጋ ተቀብለው ቢሄዱ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ስለዚህ ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ በሽንት ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሴቶችም ያለ ሐፍረት ሊጠቀሙበት የሚችሉ ይሁን።

ጉድጓዱ ከወለሉ በታች 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው እንደ ሞላ ይቆጠራል፤ እስኪገነፍል መጠበቅ አይገባም። መምጠጫ መኪና ለመጥራት ወረፋ አለው፤ መኪናውም የሚደርሰው መንገዱ እስከሚፈቅድለትና ጎማው እስከሚዘረጋለት ድረስ ብቻ ነው። በጠባብ መንደር ውስጥ ያለ ግቢ ይህን አስቀድሞ ለክቶ ማወቅ አለበት፤ መተላለፊያው ላይ የተሠራ ተቀጥላ ወይም የተከመረ ማገዶ መንገዱን የዘጋ እንደ ሆነ ገንዘቡ ተሰብስቦ እንኳ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ገንዘቡንም በአንድ ቀን ከመፈለግ ይልቅ እንደ ዕቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማጠራቀም ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት አደጋ ማስጠንቀቅ ግዴታችን ነው። አንደኛው፣ የአሮጌ ሽንት ቤት ወለል በእንጨት የተረበረበ ከሆነ እንጨቱ ከሥር በስብሶ ሳለ ከላይ ደኅና ሊመስል ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ በሚያውቅ ሰው ይመርመር። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል። በጉድጓዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል፣ በጥቂቱ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል። ሲበዛ ግን የማሽተትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፤ ወዲያውም ራሱን ይስታል። ስልክም ቢወድቅ፣ ቁልፍም ቢወድቅ፣ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ። አንዱ ወርዶ ቢወድቅ ሌላው ሊያወጣው ተከትሎ መውረድ የለበትም፤ በዚህ ዐይነት ወንድም ለወንድም ሲል አብሮ ይሞታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ።

በክረምት ጎርፍ ጊዜ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በሌሊት ሸንቁሮ ወደ ጎርፉ የሚለቅ ግቢ አለ። ዝናቡ ስለሚያጥበው ማንም የሚያውቅ አይመስላቸውም። ነገር ግን ያ ፍሳሽ ከታች ባለው ጎረቤት ደጃፍ አልፎ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦይ ወርዶ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ወንዝ ዳር አትክልት ያለማል፤ አትክልቱም ወደ ገበያ ተመልሶ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ገብቶ ብዙ ሰው የታመመ መሆኑ አይዘነጋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ንብረት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልማድ በሚያልፍ ሽታ፣ ጭስ ወይም ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ሕጉ መኖሩን ማወቅ ጥሩ ነው፤ በጉድጓድ ምክንያት ፍርድ ቤት መመላለስ ግን ከጉድጓዱ ይልቅ ያስመርራል፤ ስለዚህ ወደ ሌላው መንገድ እንለፍ።

ጎረቤትን ስለማነጋገር

ስለ ንጽሕና የሚደረግ ንግግር ሰውን ቶሎ ያስቀይማል፤ ‹ሽንት ቤቱን አቆሸሽህ› መባል ‹አንተ ቆሻሻ ነህ› እንደ መባል ይሰማልና። በተለይ ሰፈሩ በስሙ ምክንያት ሲናቅ ለኖረ ሰው ይህ ቃል ሁለት ጊዜ ይወጋዋል። ስለዚህ በቧንቧው ወረፋ ላይ፣ ሁሉም ጄሪካኑን ይዞ በተቆጣበት ሰዓት፣ ይህን ጉዳይ ማንሣት ከንቱ ነው። ከአቦል በኋላ ቶናው ሲቀዳ ማንሣት ይሻላል። አጀማመሩም ‹እናንተ› ከማለት ይልቅ ‹እኛ› በማለት ይሁን። በዕድሜ ለምትበልጥ ጎረቤት፣ «እትዬ፣ ሰሞኑን ልጆቻችንን ተቅማጥ እየያዛቸው ነውና የቧንቧውን ሥር ቅዳሜ አብረን ብናጸዳው ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ምክሯን መጠየቅ፣ ከእርሷ ቤት የመጣውን ጥፋት ስም ሳይጠሩ ለማረም ይበቃል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ከሁሉ ቀድሞ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል።

ይህም ካልሆነ የእድሩን ሽማግሌ ማስገባት ነው። እድር ሬሳ ለማንሣት ብቻ የቆመ አይደለም፤ በብዙ ሰፈር መንገድ አስጠርጓል፣ ድልድይ አሠርቷል፣ የተጣላ አስታርቋል። በቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቢጠሩ ይመጣሉ፤ የእነርሱ ቃል ከጎረቤት ቃል ይልቅ የማያስቀይም ሆኖ እናገኘዋለን። ተራውን ባለማክበር ለሚያስቸግር ሰው ቅጣቱ ገንዘብ እንዲሆን ወይም ሁለት ቀን እንዲያጸዳ ግቢው አስቀድሞ በስብሰባ ይወስን። ውኃ መከልከልን ግን እንደ ቅጣት አድርጎ መያዝ ክልክል መሆን አለበት፤ እጁን ያልታጠበ ጎረቤት ለራሱ ብቻ አይታመምምና።

ግቢያቸው ፈርሶ ወደ ጋራ ሕንፃ የተዛወሩ ሰዎች ይህ ሁሉ ያለፈላቸው ይመስላቸዋል። በሕንፃውም ቢሆን ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ የጋራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የተጣለ ዳይፐር ምድር ቤት ባለው ሰው ወለል ላይ ይገነፍላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድር የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

ውኃን በቤት ስለማከምና ስለ ተቅማጥ

ግቢው እስኪስማማ ድረስ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መከላከያ ማድረግ ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ወይም ኤሌክትሪክ ለቸገረው፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት ባለ 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውኃ ሁለት ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጄሪካን 40 ጠብታ ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆያል። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ መጠኑ እጥፍ ይሁን። ለውኃ ማከሚያ ተብሎ የሚሸጠውን የሚጠቀም ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ይከተል። ከጥራጊ ክምር ግርጌ የሚመነጭ ወይም በአቅራቢያው ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ግን እርሳስና እርሱን የመሰሉ ማዕድናት ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ እነዚህንም ማፍላትም ሆነ በረኪና ስለማያስወግዳቸው፣ ለመጠጥም ለወጥም አይሁን።

በቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ዋናው አደጋ ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ካልተገኘ፣ በአንድ ሊትር ታክሞ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ በልክ ተሰፍሮ ይሟሟ፤ ጨው ከልክ ማብዛት ሕፃንን ይጎዳል። በትንሹ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይጀመር፤ የሚጠባ ሕፃንም ጡት አይከልከል። ሩዝ የታጠበበት ውኃ የሚመስል ተቅማጥ በብዛት የሚወርደው፣ ዐይኑ የጎደጎደ፣ ሽንቱ የቆመ ወይም መጠጣት ያቃተው በሽተኛ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የታመመው ሰው የተጠቀመበት ሽንት ቤት ወለል በበረኪና ይታጠብ፤ ጎረቤቶቹም በዚያው ቀን ይነገራቸው። የተበጠበጠው ስኳርና ጨው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋና አዲስ ይዘጋጅ።